ፊ ሞያ?

ደማም ሦስት ቀን ዘንቦ፣ በአራተኛው ጧት፣
አቡ ፈላህ መጣ እየነዳ ቤት።
ቤት ነው ባራት ጎማ፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ፣
መስኮቱ ላይ ደግሞ አበባ መጋረጃ።
ዕድሜው ከኔ እኩያ፣ ሥሪቱ የጀርመን፣
በርሃውን ሲያካልል የኖረ ስንት ዘመን።

«ያፈሳል» አለና ጣቱን ቀሰረ ወደ ላይ።
በዐረብኛ ነው ያለው፤ ልቤ ነው አስተርጓሚው፣
ልቤ ነው የሳተ፣
«ያፍሳል» ብሎ ሰምቶ ወገቤን የፈታው፤
ባለፈው ሻዕባን ሰናኢያውን ሲያፍሱ
ያደርኩበት በርሜል፣ የዘይቱ ሽታ፣
ተመልሶ መጣ።
ጣሪያ ነው ለካ።

መሰላል ተውሼ ወጣሁ።
ፀሐይ የላሰው ፕላስቲክ በጉልበቴ ሥር ይንኮሻኮሻል፤
ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ፣ ማስቲሽ በማስቲሽ ላይ፣
ያንዱ እጅ የቸኮለ፣ ያንዱ እጅ ያልሰሰተ፣
ያንዱማ የአውራ ጣት አሻራው አለ፣ እንደ ደረቀ።
ስንት ሰው ከዚህ ጣሪያ ላይ እንጀራውን ለቀመ?

ጉልዛር ኡስታዜ ነው፤ የፔሻዋር ሰው፣
ካፉ ይልቅ ጣቱ ብዙ የሚናገር ሰው።
አልጋው ላይ ያለውን እድፍ አሳየኝ፣
ከዚያ በሩቁ ያለውን የፊት መስኮት አሳየኝ።
ገባኝ፦
ውሃ የገባበትን አይናገርም፤
ባንዲት የላላች ብሎን ሾልኮ፣ በኮምፔልሳቶው ጀርባ
እየዳኸ፣ እየዳኸ ሄዶ፣
ሰው ከተኛበት ላይ ነው ጠብ የሚለው።

እህቴም በስልክ እንዲሁ ናት።
«ቴሌቪዥኑ ተበላሸ» ብላ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ፣
እኔ ሦስት ወር ሙሉ
ቴሌቪዥኑ ላይ ማስቲሽ ስለቀልቅ ከረምኩ።

«መጋረጃውን እንዳትነኩት» አለ አቡ ፈላህ ከጥላው ሥር፣
«የመረጠችው እሷ ናት።»
እሷ ማን እንደሆነች አልጠየቅንም።

ሃያ ሰባት ብሎን ፈታሁ፣ ዝገት ከካቻቪቴ እየተሟገተ፤
ኮርኒሱ ወረደ፣ ወተት ውስጥ እንደ ገባ ዳቦ የራሰ።
ገለበጥኩት።
ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በራሳችን ፊደል፣

ዘነበ

ይላል። በቃ። ቀን የለው፣ ያባት ስም የለው።
የዘ አንገቷ ጎብጦ፣ የነ እግሯ ተቆልምሞ፣
አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው እጅ።
ስም ነው ወይስ ወሬ?
ከኔ በፊት እዚህ የወጣ፣ ዘነበ የሚሉት ሰው ነበረ?
ወይስ አንዱ፣ ደማም ላይ ሰማይ ሲቀደድ አይቶ፣
ዞር ብሎ የሚነግረው አጥቶ፣
ለጣውላ ነገረ?

«ምንድን ነው?» አለኝ ጉልዛር።
«ስም» አልኩት። ቆየሁና «ዝናብ» አልኩት።
ሁለቱንም አየኝ፣ እኔንም ጣውላውንም፤
«ኻላስ» አለ፣ «ሥራ።»

የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ፤
የተጻፈበትን ግን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣
ሲደርቅ ከሥሩ «አየሁት» ብዬ ጻፍኩ፤
ስሜን አልጨመርኩም፤
ፊቱን ወደ ጨለማው መልሼ ገጠምኩት።

አመሻሽ ላይ ሙከራ ነው።
ጉልዛር ከላይ በጎማ ውሃውን ይለቃል፤
እኔ ከውስጥ፣ ያው አልጋ ላይ ተጋድሜ፣
መዳፌን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።

«ፊ ሞያ?» ይላል ከላይ።
ሞያ እነሱ ዘንድ ውሃ ነው፤
እኛ ዘንድ በልብ ነው፣ ይባላል።
«ፊ ሞያ?»
መዳፌ ደረቅ ነው። ጉሮሮዬን እንጃ።
ከላዬ ቆርቆሮው ያወራል፣ ያወራል፤
አምስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ሥር ተኝቼ
ዝናብ አልሰማሁም።

«ማፊ» አልኩት፣ «ማፊ ሞያ፤
ግን አትዝጋው ወንድሜ፣
ሸዋያ ቆይ።»